ስለ ክፍያው ሲወራ የተረሳው የኑሮ ብድር

መጋቢት ሲገባ ለንደን ውስጥ ባሉ ብዙ የሀበሻ ቤቶች አንድ ዓይነት ምሽት ይደጋገማል። ልጅ ላፕቶፗን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ የ«ስቱደንት ፋይናንስ» ማመልከቻ ትሞላለች። እናት ከአረጋውያን መጦሪያው ፈረቃ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የደሞዝ ወረቀቶቹን ከመሳቢያ ታወጣለች። አባት አውቶቡሱን ገና አላስረከበም፤ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሩ በስልክ ይጠየቃል።

«ዩኒቨርሲቲው እንደገና ጨመረ አሉ። ዘጠኝ ሺህ ምናምን ፓውንድ ከየት እናመጣለን ልጄ?»

«እሱን አሁን አንከፍልም እማዬ። ለዩኒቨርሲቲው ይከፈልልኛል፣ ሥራ ስይዝ ከደሞዜ ይቆረጣል። እኔን የጨነቀኝ ይኼኛው ነው» ትልና ሌላ ገጽ ትከፍታለች። የቤተሰብ ገቢ የሚሞላበት ገጽ ነው። ለኪራይ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት የምትበደረው ገንዘብ የሚወሰነው እዚያ በሚገባው ቁጥር ነው።

ልጅቷ እውነቷን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በተነካ ቁጥር ፓርላማው ይናጣል፣ ጋዜጣው ይሞላል፣ አደባባዩ ይጨናነቃል። ተማሪውን ከክፍል የሚያስቀረው፣ የሌሊት ፈረቃ የሚያስገባው፣ እራቱን የሚያስዘልለው ግን ክፍያው ሳይሆን የኑሮ ብድሩ ማነስ ነው። ተመራቂውንም ለዓመታት የሚከተለው የዕዳው ድምር ሳይሆን ከፈረመ በኋላ የሚለወጠው የአከፋፈል ደንብ ነው። ሁለቱም የሚከብዱት ያለ ጩኸት ነው። አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ኑሮ ሲወደድ አንዱን ቁጥር ሳይነኩ መተው ይበቃል። ለዚህ ነው የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ዜና ሳይሆን ያለፈው።

ዓመቶቹ ሁሉ፣ ለብቻ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከክፍያው እንጀምር። ኖቬምበር 4 ቀን 2024 የትምህርት ሚኒስትሯ ብሪጅት ፊሊፕሰን የዓመቱ ክፍያ ጣሪያ ከ9,250 ወደ 9,535 ፓውንድ ከፍ እንደሚል ለፓርላማው አስታወቁ። ከ2017 ወዲህ የመጀመሪያው ጭማሪ ነበር፣ መጠኑም 285 ፓውንድ ነው። በኦክቶበር 2025 የወጣው የመንግሥት ሰነድ ደግሞ ክፍያው ከዚህ በኋላ የዋጋ ግሽበትን ተከትሎ እንዲያድግ ወሰነ፤ በ2026 መስከረም 9,790፣ በቀጣዩ ዓመት 10,050 ፓውንድ ይሆናል።

ይህን ገንዘብ ተማሪው በእጁ አይዘውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ግላስጎ የሆነው የተማሪዎች ብድር ኩባንያ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ሩብ፣ ሩብና ግማሽ እያደረገ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ያስተላልፋል። ብድሩ የቤተሰብን ገቢ አይጠይቅም። ክፍያው ስለጨመረ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ከትምህርት የሚቀር የአገሩ ተማሪ የለም። ጭማሪው ቢያስከፍለውም የሚያስከፍለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዕዳውን በሙሉ ከፍለው ከማይጨርሱት ብዙ ተመራቂዎች አንዱ ከሆነ ደግሞ 285ቱ ፓውንድ በሚከፍለው ላይ የሚጨምሩበት ነገር የለም።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ1962ቱ የትምህርት ሕግ መሠረት የየአካባቢው አስተዳደር የተማሪውን ክፍያ ይሸፍን ነበር፤ ለኑሮውም በወላጅ ገቢ የሚለካ፣ የማይመለስ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሚኒስትርና ዳኛ የሆኑ ብዙ እንግሊዛውያን በዚያ ድጎማ የተማሩ ናቸው። የተማሪዎች ቁጥር ሲያድግ ገንዘቡ ሳሳ። በ1990 የኑሮ ብድር ተጀመረ። በ1997 የሎርድ ዲሪንግ ሪፖርት ወጣ፣ በ1998 የቶኒ ብሌር መንግሥት 1,000 ፓውንድ አስከፈለ፤ የኑሮ ድጎማውም በዓመቱ ቀረ። በጃንዋሪ 2004 ክፍያውን ወደ 3,000 የሚያሳድገው ረቂቅ 316 ለ311 አለፈ። ከመቶ በላይ መቀመጫ ብልጫ ያለው መንግሥት በአምስት ድምፅ ብቻ ተረፈ። ለተቃዋሚ እንደራሴዎቹ ማባበያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ለድሃ ተማሪ የማይመለስ ድጎማው መመለሱ ነበር።

ከሁሉም የገነነው ግን የ2010 ዲሴምበር 9 ነው። ከምርጫው በፊት የሊበራል ዴሞክራት ዕጩዎች ክፍያ እንዳይጨምር ድምፅ እንደሚሰጡ በፊርማቸው ቃል ገብተው ነበር፤ ፎቶ የተነሱበት ካርድ በየዩኒቨርሲቲው ተለጥፏል። ከወግ አጥባቂዎች ጋር ጥምር መንግሥት ሲመሠርቱ መሪያቸው ኒክ ክሌግ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ መንግሥቱም ክፍያውን ወደ 9,000 ፓውንድ የሚያደርስ ውሳኔ አቀረበ። በዚያ ብርዳማ ሐሙስ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የፓርላማውን አደባባይ ሞልተውታል። ፖሊስ ከብቧቸው ለሰዓታት አላስወጣቸውም። በሬጀንት ስትሪት የልዑል ቻርልስና የባለቤታቸው መኪና በሰልፈኞች ተመታ። ውስጥ ድምፁ ተቆጠረ፤ 323 ለ302። ክሌግ በ2012 በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። በ2015ቱ ምርጫ የፓርቲው መቀመጫ ከ57 ወደ 8 ወረደ።

ያን ዕለት አደባባይ የወጡት ወጣቶች ቁጣ የተገባ ነበር። ነገር ግን ያን ያህል ጩኸት ያልተሰማባቸው ሁለት ነገሮች በድሃ ቤተሰብ ልጅ ላይ ከ9,000ው ክፍያ የበለጠ ከብደዋል።

የመጀመሪያው የኑሮ ድጎማው መሰረዝ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን በጁላይ 2015 በጀታቸው የማይመለሰውን ድጎማ አስቀርተው፣ ከ2016 መስከረም ጀምሮ በብድር ተኩት። በእጅ የሚገባው ገንዘብ በዚያ ዓመት ትንሽ ከፍ ስላለ ብዙ ሰው ጉዳቱን አላየውም። ውጤቱ ግን አስደንጋጭ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚበደረው ከሁሉ ያነሰ ያለው ቤተሰብ ልጅ ሆነ። የፊስካል ጥናት ኢንስቲትዩት በ2017 ባወጣው ስሌት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ተማሪዎች የሦስት ዓመት ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ዕዳቸው ወደ 57,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ አማካዩ 50,800 ነበር። አባቱ የሚከፍልለት ልጅ የኑሮ ብድሩን ሳይነካ ይመረቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ግን እስከ ጣሪያው ተበድራ ትወጣለች።

ሁለተኛው ነገር እስከ ዛሬ የብዙ ወላጆችን ቤት እየመታ ያለው ነው። ተማሪ ሙሉውን የኑሮ ብድር የሚያገኘው የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ25,000 ፓውንድ ካልበለጠ ነው። ይህ 25,000 የተወሰነው በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

ምን ማለት እንደሆነ በዝቅተኛው ደሞዝ እናስላው። በኦክቶበር 2008 የሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ 5 ፓውንድ ከ73 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 11,918 ፓውንድ ያገኝ ነበር። እናትና አባት ሁለቱም በዚያ ደሞዝ ሙሉ ሰዓት ቢሠሩ 23,800 ገደማ ነው፤ ልጃቸው ሙሉ ብድር ይገባዋል። በኤፕሪል 2025 የሰዓቱ ክፍያ 12 ፓውንድ ከ21 ሆነ። በ40 ሰዓት ሲባዛ 25,397 ፓውንድ። አንዲት እናት ብቻዋን፣ በአገሩ ሕግ በተፈቀደው ዝቅተኛ ደሞዝ፣ ልጆቿን ስታሳድግ ከመስመሩ አለፈች። መንግሥት «ገቢ አላት» ብሎ የልጇን ብድር መቀነስ ይጀምራል።

ቅነሳውም ቀላል አይደለም። ከለንደን ውጭ፣ ከወላጅ ቤት ርቆ ለሚኖር ተማሪ በ2025/26 ሙሉው ብድር 10,544 ፓውንድ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከ25,000 በላይ በ1,000 ፓውንድ በጨመረ ቁጥር ብድሩ 150 ፓውንድ ገደማ ይቀንሳል፤ ገቢው 62,000 አካባቢ ሲደርስ 4,915 ላይ ይቆማል። ሁለቱም ወላጆች በዝቅተኛው ደሞዝ ሙሉ ሰዓት ከሠሩ የልጃቸው ብድር ከ7,000 ፓውንድ በታች ይሆናል። የጎደለውን ወላጅ ይሞላዋል ተብሎ ይታሰባል። ማመልከቻው ግን ይህን ለወላጅ በግልጽ አይነግረውም፤ እናት ስንት ማዋጣት እንደሚጠበቅባት የሚገልጽ ደብዳቤ አይደርሳትም። ይህ ዝምታ ትልቅ በደል ነው። ቤተሰብ ቁጥሩን ከዓመት በፊት ቢያውቅ ዕቁቡን በዚያው ልክ ይጥል ነበር።

ከዚህ ላይ የዋጋ ግሽበቱ አለ። የብድሩ ጣሪያ በየዓመቱ የሚያድገው ወደፊት ይሆናል ተብሎ በተገመተ ግሽበት ነው፤ ግምቱ ሲሳሳት የሚያርም ሥርዓት የለም። በኦክቶበር 2022 የዋጋ ግሽበት 11.1 ከመቶ ሲደርስ የዚያ ትምህርት ዘመን ብድር ያደገው 2.3 ከመቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 2.8። ያ ጉድለት በኋላ አልተተካም፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ሁሉ በተሸረሸረው መጠን ላይ ነው። በሜይ 2024 የላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ባሰሉት መሠረት፣ አንድ ተማሪ ተቀባይነት ባለው ዝቅተኛ ደረጃ ለመኖር ከለንደን ውጭ በዓመት 18,632፣ በለንደን 21,774 ፓውንድ ያስፈልገዋል። ሙሉ ብድር ያገኘ ተማሪ እንኳ ግማሹን ትንሽ አለፍ ቢል ነው። በለንደን በተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃዎች የ2024/25 አማካይ ኪራይ 13,595 ፓውንድ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ለለንደን የተፈቀደው ሙሉ ብድር 13,348 ነበር። ኪራዩ ከተከፈለ ለዳቦ የሚተርፍ የለም ማለት ነው።

የለንደን ሀበሻ ልጆች ብዙዎቹ ቤተሰባቸው ጋር ሆነው መማርን የሚመርጡት እናት ስለምትናፍቅ ብቻ አይደለም። ከወላጅ ጋር ለሚኖር ተማሪ የ2025/26 የብድር ጣሪያ 8,877 ፓውንድ ነው፣ እንጀራውም በቤት ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። ማንቸስተር ወይም ኤድንብራ የተሻለ ትምህርት ክፍል ቢኖር እንኳ ልጁ አያመለክትም። ሌላውም ይሠራል። የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ኢንስቲትዩቱ የ2025 የተማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከሙሉ ጊዜ ተማሪዎች 68 ከመቶ የሚሆኑት በትምህርት ወራት ውስጥ በክፍያ ይሠራሉ። እሑድ ሌሊት መጋዘን ያደረ ልጅ ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ሲገባ ምን ያህል ይቀስማል? ለዚያ ላቦራቶሪ 9,535 ፓውንድ ተበድሮበታል።

አሁን ወደ መክፈያው። ብድሩ እንደ ባንክ ብድር አይደለም፤ ይህን ብዙ ወላጅ ስለማያውቅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀርበት ጊዜ አለ። ተመራቂው ደሞዙ ከተወሰነ መነሻ ሲያልፍ፣ ካለፈው ላይ 9 ከመቶ ከግብር ጋር ይቆረጣል። ሥራ ካጣ ወይም ደሞዙ ከመነሻው ካነሰ ምንም አይቆረጥበትም። ቤት አይሸጥበትም፣ ዋስ አይጠየቅም፣ ሲሞት ዕዳው ይሰረዛል። ከ2012 እስከ ጁላይ 2023 ባለው ጊዜ ትምህርት የጀመሩት፣ «ፕላን 2» የተባሉት፣ ከ30 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዝላቸዋል። ከኦገስት 2023 ወዲህ የጀመሩት «ፕላን 5» ናቸው፤ ለእነሱ መነሻው 25,000 ፓውንድ ሲሆን ዕዳው የሚሰረዘው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ደሞዝ ማየት ይቻላል። 35,000 ፓውንድ የምታገኝ ነርስ «ፕላን 2» ከሆነች፣ በ2025 ሥራ ላይ በዋለው የ28,470 መነሻ፣ በወር 49 ፓውንድ ገደማ ይቆረጥባታል። ታናሽ እህቷ በዚያው ሆስፒታል በዚያው ደሞዝ «ፕላን 5» ሆና ብትቀጠር በወር 75 ፓውንድ ትከፍላለች፣ ያውም ለአሥር ተጨማሪ ዓመታት። ለታናሽቱ በምላሹ የተሰጣት የወለዱ መቀነስ ነው። በ«ፕላን 2» ወለዱ ከችርቻሮ ዋጋ ግሽበት እስከ 3 ከመቶ በላይ ይደርሳል፣ በ«ፕላን 5» ከግሽበቱ አያልፍም። ነገር ግን የወለድ መቀነስ በትክክል የሚጠቅመው ዕዳውን ከፍሎ የሚጨርሰውን፣ ማለትም ደሞዙ ከፍ ያለውን ነው። መካከለኛና ዝቅተኛ ደሞዝ ያላቸው፣ መምህራን፣ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ የበለጠ ይከፍላሉ።

የ«ፕላን 2» ሰዎች ታሪክ ደግሞ ሌላ ቁስል አለው። በ2010 የተነገራቸው መነሻው ከ21,000 ፓውንድ ተጀምሮ ከ2017 ወዲህ ከደሞዝ ዕድገት ጋር እንደሚያድግ ነበር። በኖቬምበር 2015 ኦስቦርን ለአምስት ዓመት ባለበት እንደሚቆም አስታወቁ፤ አስቀድመው በፈረሙትም ላይ። የቁጠባ ጉዳዮች ጋዜጠኛው ማርቲን ሌዊስ ይህን በአደባባይ ተሟገቱ፤ ተራ አበዳሪ ውሉን ከፈረሙ በኋላ እንዲህ ቢለውጥ ሕግ ይከለክለው ነበር አሉ። በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ውሳኔውን ሻሩት፣ መነሻው ከ2018 ጀምሮ 25,000 ሆነ። ከ2021 እስከ 2025 እንደገና 27,295 ላይ ቆመ። በኖቬምበር 2025 በጀት ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ሌላ ማቆሚያ አመጡ፤ በኤፕሪል 2026 ወደ 29,385 ከፍ ካለ በኋላ ከ2027 ለሦስት ዓመት አይንቀሳቀስም። ደሞዝ ግን ይንቀሳቀሳል። የኑሮ ውድነት ማካካሻ ተብሎ ከተጨመረላት ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ነርሷ 9 ሳንቲም ለብድሩ ታዋጣለች።

የ18 ዓመት ልጅ የፈረመው ውል ውስጥ ደንቡ ሊለወጥ እንደሚችል ተጽፏል። ሕጋዊ ነው። ፍትሐዊ ነው ለማለት ግን ይከብዳል። በእንግሊዝ የተማሪዎች ዕዳ በአጠቃላይ ከ260 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል፤ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ትልቅ ቁጥር ነው። ባለዕዳዎቹም እንደ 2010 ተማሪዎች አንድ አደባባይ ላይ የማይሰበሰቡ፣ በየሥራ ቦታው የተበተኑ ሰዎች ናቸው።

ተምሮ ወጪውን ከደሞዝ የመመለስ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ ወላጅ እንግዳ አይደለም። ከደሞዝ እየተቆረጠ የሚመለሰውን የትምህርት ዕዳ በ1989 በአገር ደረጃ የጀመረችው አውስትራሊያ ናት፣ ከሐሳቡ ቀያሾች ዋነኛው የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ብሩስ ቻፕማን ነው። ቻፕማን ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ፋይናንስም ጥናት አቅርቧል። በ2003 የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ደነገገ፤ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቆ ሲቀጠር ከደሞዙ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የተመረቀ ሁሉ ፎርሙን ያስታውሰዋል፤ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ወጪ መጋራቱን መጨረስ እንደነበረበትም ያስታውሳል።

በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ሥርዓት መካከል ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው ኑሮውን የሚያበድረው በዓይነት ነው። ዶርም አለ፣ ካፌ አለ። በካፌው የማይመገበው፣ «ነን ካፌ» የሚባለው ብቻ በገንዘብ ይቀበላል። ስለዚህ ዋጋ ሲንር መጀመሪያ የሚጨነቀው ተቋሙ ነው። የቀን የምግብ በጀቱ 22 ብር በነበረበት ጊዜ ሽሮውን በምን ያወፍሩ እንደነበር የሚያውቁት የዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮቹ ናቸው፤ በጀቱ ወደ 100 ብር ያደገው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ነው። የምግቡ ጥራት ያስለቅስ ይሆናል፣ ተማሪው ግን አልጋውን ሊያጣ አይችልም። እንግሊዝ ተማሪዋን በሦስት ክፍያ ገንዘብ ሰጥታ ከኪራይ ገበያው ጋር ብቻውን ታጋፍጠዋለች። የቤት መያዣ የሚጠየቀው በክረምት ነው፣ የመጀመሪያው ብድር የሚገባው ትምህርት ሲጀመር ነው። በመካከሉ ያለውን ወር የሚሸፍነው ዘመድ ነው፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ አለ።

ከነጭራሹ ደጅ የሚቀሩም አሉ። ብድሩን ለማግኘት በመሠረቱ በአገሩ የመኖር የጸና መብትና የሦስት ዓመት ነዋሪነት ያስፈልጋል። ስደተኝነቱ የጸደቀለት ሰው የሦስት ዓመቱን መጠበቅ የለበትም። ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለው ግን ብድር አያገኝም፤ ብዙ ጊዜም ከውጭ አገር እንደመጣ ተማሪ እጥፍና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። በመካከል ያሉት፣ በልጅነታቸው መጥተው የጊዜ ገደብ ያለው ፈቃድ የያዙት፣ እስከ 2015 ተዘግቶባቸው ነበር። በሩን የከፈተችው በስድስት ዓመቷ ከዛምቢያ የመጣች ወጣት ናት። ትምህርቷን በሙሉ እንግሊዝ የተማረች፣ የትምህርት ቤቷ የተማሪዎች አለቃ የነበረች፣ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላት ልጅ ብድር ስትከለከል ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2015 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደላት። በዚያ ፍርድ ምክንያት በወጣው ደንብ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆኑ የዕድሜያቸውን ግማሽ ወይም 20 ዓመት በአገሩ የኖሩ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በሕጋዊ ፈቃድ ካሳለፉ ብድሩ ይገባቸዋል። በየጓዳው «ወረቀቴ ሙሉ አይደለም» ብሎ ያላመለከተ ስንት የሀበሻ ልጅ ይኖር ይሆን?

ለሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ጥያቄው ወለዱ ነው። ወለድ የማይበሉ፣ የማይከፍሉም ልጆች ወይ ሃይማኖታቸውን ወይ ትምህርታቸውን እንዲመርጡ ተገደዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2013 ከሸሪዓ ጋር የሚስማማ አማራጭ ለማዘጋጀት ቃል ገቡ፤ በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ምክክር ከ20,000 በላይ ሰዎች አስተያየት ሰጡ፤ በ2017 ሕጉ ለመንግሥት ሥልጣኑን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ትውልድ አልፏል፣ አማራጩ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ከዚህ ሁሉ መጓተት የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ መፍትሔው ተጠንቶ፣ ተፈቅዶ፣ ስም ወጥቶለት ተቀምጧል።

የሚመጣው ለውጥ ሁለት ነው። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚሰጡ ትምህርቶች የዕድሜ ልክ ትምህርት ብድር የተባለው ሥርዓት ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ሰው የአራት ዓመት ክፍያ የሚያህል ብድር እስከ 60 ዓመቱ ድረስ እየቆነጠረ ሊጠቀምበት ይችላል። በመጦሪያ ቤት የምትሠራዋ እናት ራሷ ከሙሉ ዲግሪ ይልቅ የተወሰነ ኮርስ ብቻ ለመውሰድ ትችላለች ማለት ነው። ሁለተኛው የማይመለሰው ድጎማ መመለስ ነው። ከ2028 ጀምሮ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡና መንግሥት ቅድሚያ በሰጣቸው የትምህርት ዘርፎች የሚማሩ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ያገኛሉ፤ ገንዘቡ የሚመጣው በውጭ አገር ተማሪዎች ላይ ዩኒቨርሲቲዎች በነፍስ ወከፍ ከሚከፍሉት 925 ፓውንድ ነው። መመለሱ መልካም ነው። ሆኖም በ2016 ከመሰረዙ በፊት ድጎማው በዓመት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ይደርስ ነበር፣ የትምህርት ዓይነትም አይመርጥም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የ25,000ው መስመር ካልተነካ ድጎማው ስንት ቤት ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። መንግሥት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ቢችል ያ ቁጥር ከዝቅተኛው ደሞዝ ጋር አብሮ እንዲያድግ ማድረግ ነበረበት።

እስከዚያው ማመልከቻውን የሚሞላ ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሚጠየቀው ገቢ ቀደም ሲል የተጠናቀቀ የግብር ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባት ሥራ ካጣ ወይም እናት ሰዓቷ ከተቀነሰ፣ የቤቱ ገቢ ቢያንስ በ15 ከመቶ የወረደ እንደሆነ በዘንድሮው ገቢ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ወላጆች ከተለያዩ የሚታየው ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛም ካለው የእሱ ገቢ ነው። በቤቱ ሌሎች በወላጅ የሚተዳደሩ ልጆች ካሉ ለእያንዳንዱ 1,130 ፓውንድ ከገቢው ላይ ይቀነሳል፤ ይህን ሳይሞሉ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ጊዜው ያለፈበት የመሰለውም ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ማመልከቻው የትምህርት ዘመኑ ከጀመረ በኋላ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ተቀባይነት አለው።